ዮርዳኖስን ሁለቴ መሻገር፦ የገሊላ ባሕር ዙሪያ በብስክሌት

ጥብርያዶስ ገና አልነቃችም። የሐይቁ ዳር መብራቶች አልጠፉም፤ የዓሣ ምግብ ቤቶቹ ወንበሮቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው በራቸውን እንደዘጉ ናቸው። ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ቀያይ የኋላ መብራቶች ብልጭ ድርግም እያሉ ሁለትም ሦስትም ሆነው ያልፋሉ። ዕለቱ ዓርብ ነው። የእስራኤል የሳምንት ዕረፍት ከዓርብ ጠዋት ስለሚጀምር፣ ብስክሌተኞች ፀሐይ ከጎላን ኮረብታ ጀርባ ብቅ ሳትል ሐይቁን ሊዞሩ የሚወጡት በዚህ ቀን ነው።

የሚዞሩት ሐይቅ እኛ ከልጅነት ጀምሮ በወንጌል ንባብ የምናውቀው የገሊላ ባሕር ነው። መረብ የተጣለበት፣ ማዕበል የተነሣበት፣ ጴጥሮስ በውኃ ላይ የተራመደበት። ባሕር ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው በልቡ የሚስለው ዳርቻ የሌለው ውኃ ነው። ጥብርያዶስ ላይ ቆሞ ሲያይ ግን ማዶው ፊት ለፊቱ ነው፤ የጎላን ገደል፣ ከገደሉ ሥር ያለው የሙዝ እርሻ፣ የመኪኖች መብራት ሳይቀር ይታያል። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ በሰፊው ቦታ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ነው። የቆዳ ስፋቱ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አሥራ ስምንት ገሊላ ይይዛል ማለት ነው። ዙሪያውን የሚከበው አስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመጠኑ የለመደ ብስክሌተኛ ዕረፍቱን ሳይቆጥር በሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል።

ይህን ዙር የሚለየው ግን ርቀቱ ወይም ዕይታው ብቻ አይደለም። መንገዱ ዮርዳኖስን ሁለት ጊዜ ያሻግራል፤ አንዴ በሰሜን፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ ሲገባ፤ አንዴ በደቡብ፣ ከሐይቁ ሲወጣ። በአውቶቡስ የሚመጣ ተሳላሚ ከአንዱ ቅዱስ ስፍራ ወደ ሌላው ስለሚወሰድ ሁለቱን አስተያይቶ ለማየት ፋታ አያገኝም። ብስክሌተኛ ግን በአንድ ጠዋት ሁለቱም ጋ ይደርሳል፤ የገባው ወንዝና የወጣው ወንዝ አንድ አለመሆናቸውንም በዓይኑ ያያል። ዙሩን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው በዋናነት ለዚህ ነው።

አቅጣጫው ለውጥ አለው። በእስራኤል መኪና የሚሄደው በቀኝ ስለሆነ፣ ከጥብርያዶስ ወደ ሰሜን ተነሥቶ የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ የሚዞር ሰው ውኃውን ሁልጊዜ በቀኙ ያገኘዋል፤ ወደ ዳርቻው ለመውረድ ሲፈልግም መንገድ ማቋረጥ የለበትም። የምዕራቡ ዳርቻ መንገድ ቁጥር 90 ይባላል፤ ከሊባኖስ ድንበር እስከ ኤይላት የሚወርድ የአገሪቱ ረጅሙ መንገድ ነውና ከባድ መኪና አይጠፋበትም። በሰሜን 87፣ በምሥራቅ 92 ይሆናል። ብስክሌተኛው የሚሄደው ከቢጫው መስመር ውጭ ባለው የመንገድ ትከሻ ነው፤ ትከሻው አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ አንዳንድ ቦታ ለአንዱም ይጠባል። ከከተማ ውጭ ሄልሜት ማድረግ በሕግ የታዘዘ ነው። ይህ አካባቢ በ2023 ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲጮህበት የከረመ ስለሆነም፣ ከመነሣት በፊት የዕለቱን የጸጥታ ሁኔታ መጠየቅ ግድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዓለም ካሉት ጨው አልባ ሐይቆች ሁሉ ዝቅተኛው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ በሁለቱ መካከል የሁለት ሺህ ሜትር ልዩነት አለ። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እዚህ ትንፋሽ አያጥረውም፤ የሚጥለው ሙቀቱ ነው። በበጋ ቀትር ላይ አስፋልቱ ከታች፣ ፀሐይዋ ከላይ ትጠብሳለች፤ አየሩም በጉድጓዱ ውስጥ እንደታፈነ ይቆማል። ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሜዲትራንያን የተነሣው ቀዝቃዛ አየር የገሊላን ኮረብታዎች ተሻግሮ ወደ ሐይቁ ይንደረደራል፤ ጠዋት ተኝቶ የነበረው ውኃ በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ አረፋ ያወጣል። በክረምት ደግሞ ከምሥራቅ፣ ከበረሃው በኩል የሚነፍስ ሻርቂያ የሚባል ነፋስ አለ፤ እሱ ሲነሣ ማዕበሉ የጥብርያዶስን የዳርቻ ግንብ ዘሎ መንገዱን ያርሳል። ደቀ መዛሙርቱን ያስጨነቀው ድንገተኛ ማዕበል ዛሬም በዚህ ሐይቅ ላይ የተለመደ ነገር ነው። ብስክሌተኞች ገና በጨለማ የሚነሡበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አብሮኝ የሚነዳው ወጣት አፉላ ያደገ፣ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ ልጅ ነው። አማርኛው ጥርት ያለ ነው፤ ቁጥር ሲቆጥርና ሲደነግጥ ብቻ ወደ ዕብራይስጥ ይሻገራል። መንገዱን ያውቀዋልና ከፊት ይነዳል። «ማርሽህን አታክብድ» ይለኛል ገና ከተማዋን ሳንለቅ፤ «አቀበቱ ከታብጋ በኋላ ነው፤ እስከዚያ እግርህን አፍታታ።»

መግደላን እናልፋለን፤ የመግደላዊት ማርያም አገር ናት። በ2009 ሆቴል ሊሠራበት የታሰበ መሬት ሲፈተሽ የአንደኛው ክፍለ ዘመን ምኩራብ ተገኝቶበታል። ከእሷ ቀጥሎ ጊኖሳር አለች። እዚህ መውረድ ያስፈልጋል።

በጊኖሳር ሙዚየም ውስጥ ያለችው ጀልባ 8 ሜትር ከምናምን ትረዝማለች። በ1986 መጀመሪያ፣ ድርቅ ሐይቁን ወደ ውስጥ ባሸሸው ጊዜ፣ የመንደሩ ሁለት ወንድማማች አጥማጆች በጭቃው ውስጥ የእንጨት ቅርጽ አዩ። ሲመረመር ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ጀልባ ሆነ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ዳቦ ስለነበር በፕላስቲክ አረፋ ተጠቅልሎ በሐይቁ ላይ ተንሳፍፎ ተወሰደ፤ ከዚያም ለዓመታት ሰም መሰል ኬሚካል ውስጥ ተነክሮ ቆየ። ወደ መስታወቱ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ትልቁ ነገር ዕድሜው አይደለም። ጣውላዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ከአሥር በላይ ዓይነት እንጨት ተለቃቅሞ ገብቶባታል። ከሌላ ጀልባ የተነቀለ ጣውላ ጭምር አለ። ባለቤቷ አዲስ እንጨት መግዣ አልነበረውም፤ ያገኘውን እየለጠፈ ዕድሜዋን ሲያራዝም ኖሯል። የገሊላ አጥማጆች ድሆች ነበሩ ሲባል የሰማነውን እዚህ ሚስማር በሚስማር ማየት ይቻላል።

ጀልባዋን ያወጣት ድርቅ ሐይቁን ዝቅ ባያደርገው ኖሮ እስከ ዛሬም ጭቃ ውስጥ በቀረች ነበር። ሐይቁን ዝቅ የሚያደርገው ግን ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው ምክንያት ከጊኖሳር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይታያል።

ታብጋ ላይ፣ አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ የበረከቱበት ነው ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በኮረብታው ሥር የውኃ መግፊያ ጣቢያ አለ። በአጥር የተከበበ ነው፤ ተሳላሚ ዞር ብሎ አያየውም። በ1964 ሥራ የጀመረው የእስራኤል ብሔራዊ የውኃ መስመር የሚነሣው ከዚህ ነው። ፓምፖቹ የሐይቁን ውኃ ከ250 ሜትር በላይ ወደ ላይ ገፍተው ኮረብታው ጫፍ ካለው ቦይ ያደርሱታል፤ ከዚያ በቦይ፣ በዋሻና በቧንቧ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ አገሪቱ መካከልና ወደ ደቡቡ በረሃ ይሄድ ነበር። ለአሥርት ዓመታት በቴል አቪቭ ቤት ውስጥ ቧንቧ የከፈተ ሰው የሚጠጣው በከፊል የጴጥሮስን ባሕር ነበር። ዛሬ የአገሪቱ የመጠጥ ውኃ አብዛኛው ከሜዲትራንያን እየተጣራ የሚገኝ ስለሆነ ከሐይቁ የሚቀዳው በጣም ቀንሷል፤ እንዲያውም የተጣራውን የባሕር ውኃ ወደ ሐይቁ የሚመልስ መስመር ተዘርግቷል። አንድ ጊዜ ሐይቁ አገሩን ያጠጣ ነበር፤ አሁን አገሩ ሐይቁን ለማጠጣት ተዘጋጅቷል።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ከፍና ዝቅ ይላል። አቀበት የሚባል አይደለም፤ የሽሮ ሜዳን ወይም የእንጦጦን መንገድ ለሚያውቅ እግር ምንም ነው። ቅፍርናሆም በጥቁር ድንጋይ የተሠራች መንደር ነበረች። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ የቤቶቹ መሠረት ሁሉ እሱ ነው። በመካከሉ የቆመው ምኩራብ ብቻ ከሩቅ በመጣ ነጭ ድንጋይ ተሠርቶ ያበራል፤ ዝቅ ብሎ መሠረቱን ያየ ሰው ግን ከነጩ በታች እንደገና ጥቁሩን ያገኛል፤ የቀደመውን ሕንፃ።

ቅፍርናሆምን አልፎ ሜዳው ሲሰፋ የመጀመሪያው ድልድይ ይመጣል። አሪክ ድልድይ ይሉታል። ብስክሌቱን ከድልድዩ መደገፊያ አስደግፎ ወደ ታች ማየት ነው። ዮርዳኖስ እዚህ ሰፊ አይደለም። ግራና ቀኙን ሸንበቆና ዛፍ አልብሶት፣ ቀዝቃዛና ፈጣን ሆኖ ያልፋል። ውኃው የአርሞንዔም ተራራ በረዶና ዝናብ ነው፤ ዳን፣ ባንያስና ሐስባኒ የሚባሉ ሦስት ምንጮች ተቀላቅለው ያመጡታል። ከላይ የነበረው የሁላ ረግረግ በ1950ዎቹ ተጠፍፎ እርሻ ሆነ። ከሁላ እስከዚህ ድልድይ ባለች አጭር ርቀት ውስጥ ወንዙ 280 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በክረምት አፈር ይዞ ይደፈርሳል፤ በፀደይ ይጠራል። እጁን የነከረ ሰው ቶሎ ያወጣል፤ የተራራው ብርድ ገና አልለቀቀውም። ሕያው ወንዝ ነው።

«ይህን ያዝ» አለኝ ጓደኛዬ፤ «ከሰዓት በኋላ ትፈልገዋለህ።»

ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ ግራው የጎላን ገደል፣ ቀኙ ውኃ። ጎላን እስከ 1967 ጦርነት ድረስ በሶርያ እጅ ነበር፤ እስራኤል የያዘችው ያን ጊዜ ነው። በ1970 እዚህ መንገድ ሲሠራ የኩርሲ ገዳም ፍርስራሽ ወጣ፤ በአምስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በአጋንንት የተያዘው ሰው የተፈወሰበትና እሪያዎቹ ወደ ባሕር የተንደረደሩበት ስፍራ ነው ተብሎ ይሳለሙት የነበረ ነው። ገደሉን ቀና ብሎ ያየ ሰው ለምን ይህ ቦታ እንደተመረጠ ይገባዋል።

የምሥራቁ ዳርቻ የመዝናኛ ዳርቻ ነው። በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ድንኳን ተተክሏል፤ ልጆች ይዋኛሉ፤ ሥጋ ይጠበሳል። ከድንኳኖቹ አንዱ ጋ ስንደርስ ሽታው ቀድሞ አቆመን፤ የሚቆላ ቡና ነበር። ነጠላቸውን በትከሻቸው ያደረጉ እናት በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ ቡና ይቆላሉ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ውኃ ውስጥ ናቸው።

«ኑ ልጆቼ፣ አረፍ በሉ። ቡና እየደረሰ ነው» አሉን፣ የጓደኛዬን ፊት አይተው።

«እግዜር ይስጥልን እማማ፤ አናስቸግርዎት።»

«ምን ችግር አለ! ከየት ተነሥታችሁ ነው?»

«ከጥብርያዶስ። ዙሪያውን ዞረን ወደዚያው ነን።»

«ዙሪያውን?» ብለው ረከቦቱን ቀረብ አደረጉ። «እኔ የደንቢያ ሰው ነኝ። ጣናን በታንኳ የተሻገረ አውቃለሁ፤ ዞሬ ጨረስኩ ያለ ሰው ግን አላየሁም።»

ቡናው አቦል ላይ እያለ ስለ ውኃው ነገሩን። መጀመሪያ እዚህ መምጣት ሲጀምሩ ዳርቻው አሁን ድንኳናቸው ካለበት አልፎ ነበር፤ ከዚያ በየዓመቱ እየሸሸ ልጆቹ ለመዋኘት ብዙ ጭቃ ማቋረጥ ነበረባቸው፤ ቆይቶ ደግሞ ተመለሰ። «ልጄ በየጊዜው በስልኩ ያየዋል፤ ይህን ያህል ከፍ አለ፣ ይህን ያህል ዝቅ አለ እያለ ይነግረኛል። እንደ ቤተ ሰብ ነው የሚጠይቁት።» እውነታቸውን ነው። በእስራኤል የሐይቁ ልክ ዜና ነው። ሦስት መስመር አለው፦ ከባሕር ጠለል በታች 208.80 ሜትር የላይኛው ቀይ መስመር፣ 213 ሜትር የታችኛው ቀይ መስመር፣ 214.87 ሜትር ጥቁሩ መስመር፤ ጥቁሩ በ2001 ሐይቁ የወረደበት የመጨረሻ ዝቅታ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ሲጨምር 1.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ገባ ማለት ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ሰዎች በአውቶቡስ ውስጥ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደጨመረ ሲነጋገሩ ይሰማል።

ዐይን ጌቭ ላይ የቅዱስ ጴጥሮስ ዓሣ የሚባለውን ከነጭንቅላቱ ጠብሰው ያቀርባሉ፤ የእኛው የቆሮሶ ዘመድ ነው፣ አጥንቱም እንደዚያው ይለቀማል። ከዚያ እስከ ደቡቡ ጫፍ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ በመረብ የተሸፈነ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ቴምር። በደቡቡ ጫፍ ጼማህ ላይ ኦቶማኖች ከሐይፋ ወደ ደርዓ የዘረጉት የባቡር መስመር ጣቢያ አሁንም ቆሟል። ነፋሱ ካልተነሣ ይህ የዙሩ ፈጣኑ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ድልድይ የሚገኘው ደጋንያ አጠገብ ነው። ደጋንያ የመጀመሪያዋ ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) ናት፤ በ1910 ገደማ ተመሠረተች። ድልድዩ ሥር ትንሽ ግድብ አለ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ታች ላለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃ እንዲቆጥብ የተሠራ ነው። ገሊላ ሞልቶ የላይኛውን ቀይ መስመር ሲነካ ይህ ግድብ ይከፈታል። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው በ1990ዎቹ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ዮርዳኖስ መልኩ ሌላ ነው። አረንጓዴ፣ የተኛ፣ ባሕር ዛፍ የተንጠለጠለበት። ከግድቡ ጥቂት ወረድ ብሎ ያርደኒት አለ፤ በ1981 የተሠራ የጥምቀት ስፍራ። ነጭ የለበሱ ተሳላሚዎች በብረት መደገፊያው ይዘው ይገባሉ፤ ዓሦች እግራቸውን ይነካካሉ። ያርደኒት የተሠራበት ምክንያት፣ ጌታ የተጠመቀበት ነው የሚባለው በኢያሪኮ አቅራቢያ ያለው ስፍራ ከ1967 በኋላ ለዓመታት ዝግ የወታደር ቀጠና ሆኖ በመቆየቱ ነው። ያ ስፍራ በ2011 ለሕዝብ ተከፍቷል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ገዳም ያለውም በዚያው ነው፤ ኢትዮጵያውያን የጥምቀትን በዓል የሚያከብሩትም በዚያ።

አብዛኛው ብስክሌተኛ ከያርደኒት ወደ ጥብርያዶስ ይመለሳል። እኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ቀጠልን፤ አሉሞት እስከሚባለው ሌላ ግድብ። የአሪክን ድልድይ ያዝ የተባልኩት ለዚህ ነበር። ከግድቡ በላይ በኩል ያለው ውኃ ያርደኒት ላይ ያየነው ነው። በታች በኩል ግን ወንዙ ያልቃል ማለት ይቻላል። ከቧንቧ የሚፈስ ውኃ አለ፤ ቀረብ ሲሉ ጨው ጨው ይሸታል። ሐይቁ ውስጥ እንዳይገቡ በቦይ ዙሪያውን የተመለሱት የጨው ምንጮች የሚደፉት እዚህ ነው። ከጨው ውኃው ጋር ለብዙ ዓመታት ያልተጣራ የቤት ፍሳሽ ይለቀቅበት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ፍሳሹ መጣራት ጀመረ፤ ከ2013 ወዲህም ከሐይቁ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ይለቀቅለታል። የያርሙክ ወንዝም ዮርዳኖስ ጋ ሳይደርስ በሶርያና በዮርዳኖስ አገር ግድቦችና ቦዮች ይያዛል። በመጨረሻ ወደ ሙት ባሕር የሚደርሰው ቀድሞ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ከነበረው አሥረኛ እጁ አይሞላም፤ ሙት ባሕርም በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል።

ጓደኛዬ ብስክሌቱን መሬት ላይ አጋድሞ ቆመ። «አያቴ ኢያሪኮ ሄዳ ዮርዳኖስን ስታይ አለቀሰች» አለኝ። «ይህ ነው? ቡናማ ቦይ ነው? አለች። እኔ ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። መልሱ እዚህ ነው።»

ከአሉሞት እስከ ጥብርያዶስ ከአሥር ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ነፋሱ ከግራ ኮረብታው እየወረደ ነበርና ጎንበስ ብለን በዝምታ ነዳን።

ከአዲስ አበባ ተሳላሚ ይዘው የሚመጡ አስጎብኚዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። አውቶቡሱ ያርደኒት ላይ መቆሙ አይቀርም። ከዚያ እስከ አሉሞት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰዎቹን እዚያ አውርዷቸው፤ በግድቡ ላይ ሆነው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይዩ። በዓባይ ምንጭ አጠገብ ያደገ ሕዝብ ወንዝ ሲቀነስ ምን እንደሚመስል ለማየት ከማንም በላይ ምክንያት አለው፤ ኢያሪኮ ደርሰው በጥምቀት ቀን ሲነከሩም ያ ቡናማ ውኃ ከየት ተነሥቶ ምን ምን ተወስዶበት እንደደረሰ አውቀው ይነከራሉ።